የሙያ ብቃት ማረጋገጫው ምን ይመሰክራል?

አንድ ወጣት በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሙያ ሠልጥኖ የብቃት ማረጋገጫ ሲቀበል፣ ያ ወረቀት ለሦስት ወገኖች በአንድ ጊዜ ይናገራል። ለባለቤቱ «ይህን ሥራ ትችላለህ» ይለዋል። ለቀጣሪው «ይህን ሰው ብትቀጥረው አያሳፍርህም» ይለዋል። ለቀጣዩ የትምህርት ተቋም ደግሞ «ከዚህ ደረጃ ተነሥቶ ወደ ላይ መማር ይችላል» ብሎ ይመሰክራል። ምስክርነቱ እውነት ሲሆን ሦስቱም ይጠቀማሉ። ሐሰት ሲሆን ግን ጉዳቱ በእኩል አይከፋፈልም። ቀጣሪው ሌላ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ተቋሙም ሌላ ተማሪ ይቀበላል፤ ከወጣትነት ዕድሜው ሁለትና ሦስት ዓመት የሰጠው ሠልጣኝ ግን ያን ጊዜ የሚመልስለት የለም።

የሙያ ምዘና በመሠረቱ ልኬት ነው። ቴርሞሜትር ሙቀትን፣ ሚዛን ክብደትን እንደሚለካ ሁሉ፣ ምዘና ብቃት የሚባለውን በዓይን የማይታይ ነገር ይለካል። ማንኛውም ልኬት ደግሞ ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡበታል። የመጀመሪያው «የሚለካው እለካዋለሁ ያለውን ነገር ነውን?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ደግሞ ቢለካ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣልን?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን በአገራችን ያለውን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሙያ ብቃት ሥርዓት እንመለከታለን፤ የሌሎች አገሮችን ልምድም እናነጻጽራለን።

ከዓመት ቆጠራ ወደ ብቃት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪዎች ከ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በኋላ በሁለት መንገድ እንዲለያዩ አድርጎ ነበር። አንዱ መንገድ ወደ መሰናዶና ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ ያመራ ነበር። በሁለተኛው መንገድ የሚጓዙት 10+1፣ 10+2 ወይም 10+3 በሚባሉ መርሐ ግብሮች ይገቡ ነበር። ስለዚህም ብዙ ልጆች ገና በ16 ወይም በ17 ዓመታቸው የሕይወት መስመራቸውን ለመወሰን ይገደዱ ነበር።

የእነዚህን መርሐ ግብሮች ስያሜ ልብ ብለን ብናየው አንድ ነገር እንረዳለን። 10+2 ማለት ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሁለት ዓመት ተምሯል ማለት ነው። ቁጥሩ በክፍል ውስጥ ያለፈውን ጊዜ ይነግረናል እንጂ ሠልጣኙ የተበላሸ ኮምፒዩተር መጠገን መቻል አለመቻሉን አይነግረንም። ሁለት ዓመት የተቀመጡ ሁለት ሠልጣኞች በችሎታ የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቁ ይችላሉና።

በ1996 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 391 ወጣ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ደግሞ ሥርዓቱን ከመሠረቱ ለወጠው። አዲሱ አካሄድ ውጤት ተኮር ይባላል። ዋናው ጥያቄ «ስንት ዓመት ተማረ?» መሆኑ ቀርቶ «ምን መሥራት ይችላል?» ሆነ። ከዚህም የተነሣ ሙያውን ኮሌጅ ገብቶ የተማረውም፣ በጥገና ሱቅ ውስጥ ከአንድ ባለሙያ ጎን ቆሞ የለመደውም በአንድ መለኪያ እንዲመዘኑ በር ተከፈተ። ብቃቶችም ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ባለ ማዕቀፍ ተደለደሉ።

በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዘርፍ የታችኞቹ ደረጃዎች የድጋፍ አገልግሎት ሥራን ይመለከታሉ። ወደ ላይ ሲወጣ መንገዱ ይከፋፈላል፤ አንዱ ወደ ሃርድዌርና ኔትወርክ አገልግሎት፣ ሌላው ወደ ዳታቤዝ አስተዳደር፣ ሌላውም ወደ ድረ ገጽና መልቲሚዲያ ሥራ ያመራል።

የሙያ ደረጃ እንዴት ይዘጋጃል?

የሥርዓቱ ዋልታ የሙያ ደረጃ የሚባለው ሰነድ ነው። ይህ ሰነድ የመማሪያ መጽሐፍ አይደለም፤ አንድ ባለሙያ በሥራ ቦታ ምን እንደሚሠራ የሚዘረዝር ነው። ዝግጅቱም አንድን ሙያ ወደ ትንንሽ ክፍሎች በመበተን ይጀምራል። በታችኛው ደረጃ ከሚገኙት የብቃት አሃዶች መካከል ኮምፒዩተርን መጠቀም፣ ተጓዳኝ መሣሪያዎችን ማገናኘት፣ ሶፍትዌር መጫን፣ ሲስተምን ከጥቃት መጠበቅ፣ በኢንተርኔት መጠቀም፣ የመሣሪያዎችን ቆጠራ መዝገብ መያዝ፣ ከሌሎች ጋር ተባብሮ መሥራት ይገኙበታል።

እያንዳንዱ አሃድ ደግሞ ወደ ዝርዝር ተግባራትና ወደ አፈጻጸም መስፈርቶች ይወርዳል። «ፕሪንተር ያገናኛል» ማለት ብቻ መስፈርት ሊሆን አይችልም። ፕሪንተሩ ለኮምፒዩተሩ የሚስማማ መሆኑን አረጋግጧልን? ትክክለኛውን ድራይቨር ጭኗልን? የሙከራ ገጽ አትሞ አይቷልን? ለተጠቃሚው አስረድቶ አስረክቧልን? መስፈርት የሚባለው መዛኙ አይቶ «አዎ» ወይም «አይደለም» ሊል የሚችልበት ነገር ነው።

ይህ አሠራር ከለመድነው ፈተና ጋር መሠረታዊ ልዩነት አለው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ቦታ ውሱን በመሆኑ ተማሪን ከተማሪ ያወዳድራል፤ የአንዱ ከፍ ማለት የሌላውን ዝቅ ማለት ያስከትላል። የሙያ ብቃት ምዘና ግን ሰውን ከመስፈርት ጋር ያወዳድራል። መቶ ሰዎች ቢመዘኑ መቶውም ብቁ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንድም ላይገኝ ይችላል። ውጤቱም በመቶኛ የሚገለጽ ሳይሆን «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ነው። እዚህ ላይ «ገና» የምትለዋ ቃል ትልቅ ቁም ነገር ይዛለች። ወጣቱ አይችልም ተብሎ አልተፈረደበትም፤ የጎደለውን ሞልቶ እንዲመለስ ተነገረው እንጂ።

የኬብሉ ምሳሌ

የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ ማለትም ምዘናው ተገቢውን ነገር ይለካልን የሚለውን፣ በአንድ ቀላል ተግባር እንመርምር። የኔትወርክ ኬብል ጫፍ ላይ ማገናኛ መግጠም በዘርፉ ከሚሰጡት የተግባር ሥራዎች አንዱ ነው። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ እነርሱም ሁለት ሁለት ሆነው በአራት ጥንድ ተጠማዝዘዋል። ቲ-568-ቢ በሚባለው መደበኛ አሰላለፍ መሠረት ቅደም ተከተላቸው ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ ነው።

አንድ ሠልጣኝ ይህ ቅደም ተከተል ግራ ያጋባው ይሆናል። «አረንጓዴው ጥንድ ለምን ተለያይቶ 3ኛና 6ኛ ቦታ ላይ ይገባል? ሁለቱን ጎን ለጎን ባደርጋቸው አይሻልምን?» ብሎ፣ በሁለቱም ጫፍ ጥንዶቹን በተራ በተራ ደረደራቸው እንበል። ከዚያም ኬብሉን በቀላል መፈተሻ ሞከረው። ስምንቱም መብራቶች በየተራቸው በሩ። መብራቶቹን ብቻ የሚያይ መዛኝ «ብቁ» ብሎ ይጽፍለታል።

ነገር ግን ኬብሉ የተበላሸ ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያስተላልፈው የተለመደ ኔትወርክ ምልክቱ የሚጓዘው በ1ኛና በ2ኛ፣ እንዲሁም በ3ኛና በ6ኛ ሽቦዎች ነው። ሽቦዎች የሚጠማዘዙትም ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ጥንድ ውስጥ ያሉት ሁለት ሽቦዎች አንዱ የሌላውን ተቃራኒ ምልክት ይይዛሉ፤ ተጠማዝዘው በመጓዛቸውም ከውጭ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ሁከት ሁለቱንም በእኩል መጠን ይነካቸዋል። ተቀባዩ መሣሪያ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ስለሆነ፣ በሁለቱም ላይ እኩል ያረፈው ሁከት ይጣፋል። በሠልጣኙ ኬብል ግን 3ኛውና 6ኛው ሽቦ የተለያዩ ጥንዶች አባላት ሆነዋል። መጠማዘዙ ሊሰጥ የሚገባው ጥበቃ ጠፍቷል፤ ምልክት ከጥንድ ወደ ጥንድ ይሾልካል። አጭር ኬብል ምናልባት ይሠራ ይሆናል፤ ረጅም ሲሆን ግን ግንኙነቱ ይንቀራፈፋል ወይም ይቆራረጣል፤ ምክንያቱንም ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው።

መፈተሻው የለካው ኤሌክትሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን ነው፤ እኛ ማወቅ የፈለግነው ግን ኬብሉ መረጃ በአግባቡ ማስተላለፉን ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የሙያ ምዘና በተግባር ሥራ ላይ የጽሑፍና የቃል ጥያቄዎች የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው። «ለምን 3 እና 6?» የምትል አንዲት ጥያቄ በቃል ያጠናውንና የተረዳውን ትለያለች። የተረዳው ሠልጣኝ ነገ ብርቱካናማውና አረንጓዴው ጥንድ ቦታ የተለዋወጡበት ሌላው መደበኛ አሰላለፍ ቢያጋጥመው አይደናገርም። ከዚህ አንጻር «ሙያ የእጅ ሥራ ነው፤ ንድፈ ሐሳብ የዩኒቨርሲቲ ነው» የሚለው አባባል ለሁለቱም ወገን የማይበጅ ሆኖ እናገኘዋለን።

ናሙና የሚያመጣው ስሕተት

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሻገር። መዛኙ ሠልጣኙ የተማረውን ሁሉ ሊያሠራው አይችልም፤ ጊዜም መሣሪያም አይበቃውም። ስለዚህ ናሙና ይወስዳል። ይህ ናሙና ምን ያህል ይታመናል? ለማስላት ያህል አንድ ሙያ 12 ተግባራት አሉት፣ መዛኙም ከእነዚህ 4ቱን በዕጣ መርጦ ያሠራል፣ ለማለፍ 4ቱንም መሥራት ግዴታ ነው እንበል።

ከ12 ነገሮች 4 ነገሮችን በ495 መንገድ መምረጥ ይቻላል። 9 ተግባራትን ብቻ የሚችል ሠልጣኝ የሚያልፈው አራቱም ዕጣዎች ከሚችላቸው 9 መካከል ሲወጡ ነው፤ ይህም በ126 መንገድ ይሆናል። 126 ለ495 ሲካፈል 25 በመቶ ገደማ ነው። ከሙያው ሩቡን የማያውቅ ሰው ከአራት አንድ ጊዜ ብቁ ተብሎ ይወጣል ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ቢመዘን፣ በመካከሉ ምንም ሳይማር፣ ቢያንስ አንዴ የማለፍ ዕድሉ ወደ 44 በመቶ ያድጋል። አንዲት ተግባር ብቻ የጎደለችው ሠልጣኝ ደግሞ ከሦስት ሁለት ጊዜ ጉድለቱ ሳይታወቅ ያልፋል፤ 330 ለ495 ሁለት ሦስተኛ ነውና።

«እንግዲያው የተግባሩን ቁጥር እንጨምር» ሊባል ይችላል። ወደ 6 ብናሳድገው 9 ብቻ የሚችለው ሠልጣኝ የማለፍ ዕድሉ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። ነገር ግን ሌላ ስሕተት ይከተላል። ሁሉንም ተግባር አሳምራ የምትችል አንዲት ሠልጣኝ በድንጋጤ ወይም በመሣሪያ ብልሽት ምክንያት በእያንዳንዱ ተግባር ላይ 5 በመቶ የመሳሳት ዕድል ቢኖራት፣ አራቱን ሁሉ ያለ ስሕተት የመጨረስ ዕድሏ 81 በመቶ ሲሆን ስድስቱን የመጨረስ ዕድሏ ወደ 74 በመቶ ዝቅ ይላል። አንዱን ስሕተት ስናጠብ ሌላውን እናሰፋለን። ብቁ ያልሆነውን ማሳለፍና ብቁ የሆነውን መጣል በአንድ ሚዛን ሁለት ክንዶች ላይ የተቀመጡ ናቸው።

ከዚህ ስሌት ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ በአንድ ቀን ምዘና «ገና» የተባለ ወጣት ራሱን እንደማይረባ ሊቆጥር አይገባውም፤ ማንኛውም ልኬት የስሕተት ክልል አለውና። ሁለተኛ፣ በአንድ ቀን ናሙና ብቻ ከመመሥረት ይልቅ በሥልጠናው ዘመን ሁሉ የተሰበሰበ ማስረጃን መጨመር ልኬቱን አስተማማኝ ያደርገዋል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ጀርመን ለዚህ ችግር የሰጠችው መልስ ትኩረት የሚስብ ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1997 የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያ የሚያወጣ አዲስ የሙያ ሥልጠና ተጀመረ። ሥልጠናው ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ወጣቱ የሳምንቱን ከፊል ቀናት ወይም የተወሰኑ ተከታታይ ሳምንታትን በሙያ ትምህርት ቤት፣ ቀሪውን ጊዜ በቀጠረው ድርጅት ውስጥ እየተከፈለው ያሳልፋል። በመጀመሪያ የሶፍትዌር ግንባታና የሲስተም ቅንጅት የሚባሉ ሁለት ዘርፎች ነበሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የመረጃ ትንተናን የሚመለከትና የማሽኖችን ዲጂታል ትስስር የሚመለከት ሁለት ዘርፎች ተጨመሩ። በማጠቃለያ ምዘናው ላይ ሠልጣኙ በድርጅቱ ውስጥ እውነተኛ ፕሮጀክት ይሠራል። በ2020ው ደንብ መሠረት ለሶፍትዌር ግንባታ ዘርፍ እስከ 80 ሰዓት፣ ለሲስተም ቅንጅት ዘርፍ እስከ 40 ሰዓት ተፈቅዷል። ከዚያም የሠራውን በጽሑፍ ያቀርባል፤ በመዛኞች ፊት ቆሞም ይከራከርበታል። ከአራት የዕጣ ተግባራት ይልቅ የ40 ሰዓት ሥራ ሰፊ ናሙና መሆኑ ግልጽ ነው።

የእንግሊዝ ልምድ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይሰጠናል። በዚያ የትምህርት ቤቶች ውጤት በደረጃ ሠንጠረዥ ይወጣል። አንዳንድ የሙያ ብቃቶች በሠንጠረዡ ውስጥ እንደ አራት መደበኛ የትምህርት ዓይነቶች ይቆጠሩ ስለነበር፣ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በብዛት አስመዘገቡባቸው። እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚወሰዱት እነዚህ ተመጣጣኝ ብቃቶች እ.ኤ.አ. በ2004 ከነበሩበት 15,000 በ2010 ወደ 575,000 አሻቀቡ። ፕሮፌሰር አሊሰን ዎልፍ በ2011 ለመንግሥት ባቀረቡት ሪፖርት ብዙዎቹ ብቃቶች ለወጣቶቹ በሥራ ገበያ ያላቸው ፋይዳ አነስተኛ መሆኑን አመለከቱ፤ ከዚያ በኋላም አቆጣጠሩ ተለወጠ። ሆኖም ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የኮምፒዩተር አጠቃቀም መሠረታዊ ችሎታን የሚያረጋግጠው «ኢ.ሲ.ዲ.ኤል.» በተመሳሳይ ምክንያት በትምህርት ቤቶች ተስፋፋ፤ እርሱም በ2018 ከሠንጠረዡ ወጣ። የምስክር ወረቀቱ ቁጥር የተቋም መመዘኛ ሲሆን ተቋሙ ወረቀቱን ያበዛል፤ ችሎታው ግን አብሮ ላይበዛ ይችላል። ተቋማትን ባስመረቁት ሰው ብዛት የምንመዝን ከሆነ እኛም ከዚህ ፈተና ነጻ አይደለንም።

የሚያረጅና የማያረጅ ዕውቀት

ከመንግሥት ብቃት ማረጋገጫ ጎን ለጎን በዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሚሰጡ ምስክር ወረቀቶች አሉ። የኮምፒዩተር ጥገናን የሚመለከተው የኮምፕቲያ «ኤ ፕላስ» እ.ኤ.አ. በ1993፣ የኔትወርክ ሙያን የሚመለከተው የሲስኮ «ሲ.ሲ.ኤን.ኤ.» በ1998 ተጀምረዋል። ዛሬ ሁለቱም የሚጸኑት ለሦስት ዓመት ሲሆን ከዚያ መታደስ ይኖርባቸዋል። ይህም የሙያውን ጠባይ ያሳያል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የሠለጠነ ወጣት በሃርድ ዲስክ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ማያያዣ በማንቀሳቀስ ዋናና ተከታይ ዲስክ መለየትን ይማር ነበር፤ ዛሬ ያ ዕውቀት ጥቅም ላይ የሚውለው በአሮጌ ማሽን ላይ ብቻ ነው። ብልሽትን አንድ በአንድ እየለዩ የማግኘት ዘዴ፣ የሁለትዮሽ ቁጥር፣ የኔትወርክ አድራሻ አሰላል፣ የኤሌክትሪክ መሠረታዊ ሕጎች ግን አላረጁም።

እንዲሁም በ2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር እንደተጀመረው «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» ባሉ መርሐ ግብሮች አማካይነት በርካታ ወጣቶች በኢንተርኔት ተምረው ምስክር ወረቀት ያገኛሉ። እነዚህ ኮርሶች ለጀማሪ መልካም በር ናቸው። ነገር ግን የኮርስ ማጠናቀቂያ ወረቀት የሚመሰክረው ኮርሱ መጠናቀቁን ነው፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ደግሞ ገለልተኛ መዛኝ ሥራን አይቶ የሚሰጠው ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠር ወጣቱንም ቀጣሪውንም ያሳስታል።

ለወጣቱ ምን ይበጀዋል?

ሥርዓቱ ከተዘረጋ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቁሞ የሙያ ሥልጠናውን ዘርፍ ተረክቧል። ተማሪዎች ዛሬ እስከ 12ኛ ክፍል በአንድነት ስለሚዘልቁ፣ ምርጫው በአብዛኛው ከ16 ወደ 18 ዓመት ገደማ ተሸጋግሯል። ሁለት ዓመት መዘግየቱ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜው ጥቅም የሚኖረው ግን ተማሪው በእነዚያ ዓመታት ሙያውን በእጁ ነክቶ ሲያውቀው ብቻ ነው። ኮምፒዩተር ሳይከፍት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርትን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ልጅ በ18 ዓመቱም በጭፍን ይመርጣል።

ስለዚህ ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚያስብ ወጣት ከመመዝገቡ በፊት አራት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ ይጠቀማል። የሙያ ደረጃው ሰነድ የት ይገኛል? ማንበብስ ይቻላልን? አንድ መሣሪያ ለስንት ሠልጣኝ ይደርሳል? ከድርጅቶች ጋር የትብብር ሥልጠና አለን፣ ሠልጣኙ በዚያ የሚሠራው እውነተኛ ሥራ ነው ወይስ ቡና ማቀራረብ? ማረጋገጫው ወደሚቀጥለው ደረጃ ያሻግራልን? ለእነዚህ ግልጽ መልስ የሚሰጥ ተቋም ሥራውን የሚያውቅ ተቋም ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆናችሁ አንባብያንም ጉዳዩ አይመለከተንም እንደማትሉ ተስፋ እናደርጋለን። ነገ የሙያ ደረጃዎችን የምታዘጋጁት፣ ሠልጣኞችን በድርጅታችሁ የምትቀበሉትና ከመዛኝነት ወንበር ላይ የምትቀመጡት ከእናንተ መካከል ናችሁ። በዚያን ጊዜ ስምንቱ መብራቶች መብራታቸውን ካያችሁ በኋላ «ለምን 3 እና 6?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በትዕግሥት አዳምጡ።